በ2017 ተዘጋ ስለተባለው ማረፊያዬ

ለጥንድ ወይራ የእንግዳ ማረፊያዎች ማኅበር ሰብሳቢ
ላሊበላ

ቀን፦ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ያልተዘጋ ማረፊያ ተዘግቷል ተብሎ ከማኅበሩ የጋራ ድረ ገጽ መሰረዙን ስለመቃወም

ክቡር ሰብሳቢ፣

“ድረ ገጽዎ ከ2017 ወዲህ ያልታደሰ፣ ድርጅትዎም ሥራ ያቆመ መሆኑን ስላረጋገጥን፣ የሌሎች አባላትን የፍለጋ ደረጃ ወደ ታች እንዳይጎትት ከጋራ ገጻችን አንሥተነዋል።”

ይህ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰኝ ደብዳቤ ቃል በቃል ነው። የተቀበልኩት ሥራ አቆመ በተባለው ማረፊያ በር ላይ ነው፤ የእንግዳ ሻንጣ ይዤ ስለነበር መፈረሙ አስቸገረኝ።

1. ገጼ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑንም ግርጌው ላይ ጽፌዋለሁ። ደብዳቤው ሲጻፍ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። የድረ ገጽ ባለሙያችሁ የኮምፒውተር መመርመሪያ ግን 2017ን በፈረንጅ አቆጣጠር ቆጥሮ ስምንት ዓመት አስረጀኝ። በመሣሪያ አይፈረድም፤ ጳጉሜን የት ያውቃል። ባለሙያው ግን የላስታ ልጅ ነው፤ መርዶዬን ራሱን 2018 ብሎ ነው የጻፈው።

2. የራሴን ድርሻ አልደብቅም። በታሪክ ዲግሪ ያለኝ ሰው ነኝና፣ እንግዳ አቆጣጠራችንን ይማር ብዬ አንድም የፈረንጅ ቀን ገጹ ላይ አላስገባም አልኩ። ባለቤቴ ትርሐስ፣ “አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ይምጣና ከዚያ ታስተምረዋለህ” ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም።

3. ከተሰረዝኩ ወዲህ በኢንተርኔት ስፈልግ ራሴን የማገኘው ስድስተኛው ገጽ ላይ፣ ከሚሸጥ የውኃ ፓምፕ ማስታወቂያ ሥር ነው። ደረጃዬ ከፍ ይል እንደሆነ ብዬ የእድራችንን አባላት የማረፊያዬን ስም በየስልካቸው እንዲፈልጉ ለመንኩ። ቄስ አድማሴ፣ “ቤትህ ከቤቴ ፊት ለፊት ነው፤ መቼ ጠፍቶ ነው የምናፈላልግልህ?” አሉኝ። እድርተኛው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አልተከተለኝም።

4. የገና በዓል እየደረሰ ነው። በክፉዎቹ ዓመታት እንግዳ ሳናይ ቤቱን ከፍተን የቆየነው እንዲህ ያለውን ገና ተስፋ አድርገን ነው። ለበዓሉ ክፍል ይዛ የነበረች የቀድሞ እንግዳችን በጋራ ገጹ ላይ ስታጣን፣ ተዘግተዋል ብላ ሌላ ቦታ ያዘች፤ ለትርሐስም የማጽናኛ መልእክት ላከችላት። ትርሐስ ለክፍሉ ያጠበችውን አንሶላ አጥፋ ሳጥን ውስጥ መለሰችው።

ስለዚህ ማረፊያዬ ወደ ጋራ ገጹ እንዲመለስ፣ አለመዘጋቱም በዚያው ገጽ እንዲገለጽ፣ ባለሙያውም ማንንም አባል ከመሰረዙ በፊት በሩን እንዲያንኳኳ እንዲታዘዝልኝ እጠይቃለሁ። ሩቅ አይደለሁም፤ ቢሮው ውስጥ ሆኖ ቢያስነጥሰው፣ ይማርህ የምለው እኔ ነኝ።

መልሱ እስከ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በጽሑፍ ይሰጠኝ፤ በነጋታው ሚካኤል ስለሆነ ቢሮው እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ባለሙያው ቀኑ ካለፈ ቆየ እንዳይል፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2025 ማለት ነው። ለዚህ ማረፊያ ጉዳይ በእጄ የጻፍኩት የመጀመሪያው የፈረንጅ ቀን ይኸው ነውና፣ ለትርሐስ እንዳይነገርብኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
በሥራ ላይ ካለው አባልዎ

(ፊርማ)
ውቤ ጋሻዬ
ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ያለው ማረፊያ ባለቤት