ለኪቴ የወጣሁ ዕለት

ለምወድሽ እናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? የሌዴስማ ብርድስ አልጠናብሽም? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ! ዛሬ ቤኻር ከተማ በበሬ ፍልሚያው በሬዬን በክብር ጥዬ፣ እንደ ደንቡ ሁለቱንም ጆሮውን ተሸለምኩ፤ ከሜዳው የወጣሁትም በሰው ትከሻ ላይ ሆኜ ነው።

አብረውኝ የሚገጥሙትን ያልነገርኩሽ እንዳትከለክይኝ ፈርቼ ነው። አንደኛው ዶን ሌአንድሮ ነበር። አዎ፣ እሱ። አባቴ በሬ ሥር ሲወድቅ አምስት እርምጃ ርቆ የበሬ ማታለያ ካባውን እንደያዘ የቆመው፤ ስሙ ቤታችን ውስጥ ከተጠራ ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው ሰው።

አርጅቷል፤ ምላሱ ግን አላረጀም። ከመግባታችን በፊት «ሴት ልጅ ካባ ታጥባለች እንጂ ካባ አትዘረጋም» ብሎ ሰዉን አሳቀ። እኔም «እርስዎ ብቻ አይውደቁ እንጂ ለአጠባውስ አለሁ» አልኩት።

ወደቀ። በሬው ጭኑን ወግቶ ጣለውና ሊደግመው ዞረ።

እማዬ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ፤ እግሬን መሬት ያዘው። ቂም እንዳይመስልሽ፤ ፍርሃት ነው። ልጅ ሳለሁ ኪቴ ምንድነው ብዬ ስጠይቅሽ፣ «ኪታር ከሚለው የመጣ ነው፤ መንጠቅ ማለት። በሬውን ከወደቀው ሰው ላይ ነጥቀሽ ወደ ራስሽ ትወስጃለሽ» ብለሽኝ ነበር። ጎረቤታችንን ባሏ ሊመታት ሲል መሃል የገባሽ ቀን ሴቶቹ «ለኪቴ ወጣችላት!» ሲሉም ሰምቻለሁ። ቃሉ ራሱ ገፈተረኝ። ሮጬ ካባዬን በሬው አፍንጫ ላይ ዘረጋሁና «ና! ወደ እኔ ና!» ብዬ ጮህኩበት። መጣልኝ! እያዞርኩ እያዞርኩ እስከ ሜዳው መሃል ወሰድኩት። ሕዝቡ ብድግ አለ፤ በአድናቆት የሚያውለበልበው ነጭ መሐረብ ሜዳውን አለበሰው።

በኋላ ዶን ሌአንድሮን ልጠይቀው ሐኪሞቹ ዘንድ ገባሁ። «የቶሪቢዮ ልጅ ነሽ፤ ዓይንሽ የእሱ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «ያን ቀን እግሬ እምቢ አለኝ» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

እጁን ዘርግቶ እጄን ያዘ። እስክወጣም አልለቀቀም።

እማዬ፣ እመቤታችን ጤናሽን ትጠብቅልኝ፤ እኔን ያቆመች ጸሎትሽ አትለየኝ። ቁስሉ ሲሽርለት፣ በወሩ መጨረሻ እሑድ እመጣለሁ። ሽምብራውን ለሦስት ሰው ቀቅዪው።

የአንቺውና የአባቴ ልጅ