በእግሬ ለሮጡት ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ ሎወል ብራንድቮልድ
የኬልነር ፎልስ የሐሙስ ሶፍትቦል ሊግ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ ለግራ ቁርጭምጭሚትዎ ደግሞ ለብቻው እመኝለታለሁ፤ ከሌላው አካልዎ ሁሉ ይልቅ ረጅም ዘመን አብረን የሠራነው ከእርሱ ጋር ነውና። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። በጥቅምት የገባልኝ የብረት ጉልበት ያን ሁሉ በረዶ ስረግጥ ከርሜ አልከዳኝም። ይህን የምጠቅሰው ያልከዳኝን ለይቼ ለማመስገን ያህል ነው።

ደብዳቤውን በሜዳው አጥር ላይ፣ ከቢራ መሸጫው መስኮት አጠገብ የለጠፍኩት ደንብ ቁጥር 14 የተለጠፈው እዚያው ስለሆነ ነው። ቢራ ሊገዙ ተሰልፈው ደንቡን ላላነበቡ ወዳጆች ባጭሩ ላስረዳ። እስካሁን በሊጋችን እግሩን የታመመ ሰው ኳስ በዱላ ለመምታት ሲቆም፣ ከኋላው፣ ከኖራው መስመር ውጭ አንድ የቡድን ጓደኛው ይቆማል፤ ኳሱ እንደተመታ መቺው ባለበት ይቀራል፣ ጓደኛው ቤዝ የሚባሉትን ሦስት ማረፊያዎች ረግጦ ነጥብ ይዞ እስኪመለስ ይሮጥለታል። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ግን ማንም የመታ ሰው ራሱ ይሮጣል። በስድስቱ ቡድኖች ውስጥ ዛሬ የሚሮጥለት ሰው የሚያስፈልገው ተጫዋች አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም እኔ ነኝ። ሐኪሜ እንድራመድ፣ እንድወረውርና እንድመታ ፈቅዶልኛል። መሮጥን ግን እንዳላስበው ነግሮኛል።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ እርስዎ ቁጥር ያለው ወረቀት እንደሚወዱ አይቻለሁና።

1. ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ምናልባት ረስተውት ይሆናል። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት እርስዎ የገና መብራት ሲሰቅሉ ከጣሪያ ወድቀው ቁርጭምጭሚትዎ በብሎን ሲታሰር፣ ቡድናችን “ዝገቶች” ሌላ ሰው መፈለግ ጀምሮ ነበር። የዚያን ጊዜውን ሰብሳቢ ቤቱ ድረስ ሄጄ የለመንኩት እኔ ነበርኩ። “መቺ ነው፤ መሮጡን ለእኔ ተዉት” አልኩ። ፖስተኛ ነበርኩ፤ ካለኝ ነገር ሁሉ ደህናው እግሬ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ከኋላዎ ቆሜ የዱላዎን ድምፅ ስሰማ ኖርኩ። ኳሱ ወዴት እንደሄደ ሳላይ ከድምፁ ማወቅ ተምሬ ነበር። እርስዎ ዱላዎን ተደግፈው “ሩጥ እንጂ አንተ ፖስተኛ! ቴምብር እየለጠፍክ ነው?” እያሉ ይጮኻሉ፣ ሰው ይስቃል፤ እኔም እየሮጥኩ እስቅ ነበር። ለዚያ ሁሉ ሳቅ አመሰግናለሁ።

2. ደንቡ ከጸደቀበት ስብሰባ በፊት በነበረው ቀን ጋራዤ መጥተው፣ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት ቢራ ጠጥተው፣ “አይዞህ ዳረል፤ እኔ እዚያ ወንበር ላይ እያለሁ ማን ይነካሃል?” ስላሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚያ ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

በማግስቱ ስብሰባው ላይ የጥርስ ክሊኒኩ ቡድን አለቃ ብሬንደን ተነሥቶ “ጨዋታው ተንቀራፈፈ፤ እነዚህ ሽማግሌዎች እኮ ለአንድ ቦታ ሁለት ሰው ነው የሚያሰልፉት” አለ። ልጁን አልቀየመውም፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ ሰላም ነው። የእኛዋ ዴኒስ፣ ዘንድሮ ልትሮጥልኝ ፈቅዳ የነበረችው፣ “አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰው ሲሮጥ እኮ አንተ ገና ጫማህን ማሰር አትችልም ነበር” ብላ አፉን አስያዘችው። ከዚያ አለቆቹ ድምፅ ሰጡ። ሦስት ለሦስት። ቀሪው የእርስዎ ድምፅ ብቻ ነበር።

እኔን አላዩም። ብርጭቆዎን አይተው “በሌላ ሰው እግር የመጣ ነጥብ ነጥብ አይደለም። ድሮም አልነበረም” አሉና እጅዎን አነሡ። ቃሉን በትክክል ጽፌዋለሁ፤ በኋላ ስለምፈልገው።

ስንወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ ደርሰውብኝ፣ “ምን ላድርግ ዳረል? ሦስቱ ቡድኖች ጥለን እንወጣለን አሉኝ። ሊጉ ይፍረስ?” ማለትዎንም አልደብቅም፤ ለፍትሕ ስል። ሊጉ እንዳይፈርስ አንድ ሰው አሳልፎ መስጠት ነበረብዎ፤ እኔ ደግሞ ቅርብ ነበርኩ። ይገባኛል። የሚከነክነኝ ባልዲው ላይ ተቀምጠው ሳለም ይህን ያውቁት እንደነበረ ነው።

3. በደንቡ ግርጌ ስሜ “የክብር አባል” ተብሎ ስለሰፈረና የቢራ ማስቀመጫ ያለው ታጣፊ ወንበር ስለተበረከተልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ወንበሩ ጥሩ ነው። እኔ ግን አሁንም መምታት እችላለሁ።

4. የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ከቧንቧ ሠራተኞቹ ጋር ለዋንጫ ስንጫወት ስምንት ለስምንት ነበርን፤ የመጨረሻው ዙር ነበር፤ አንድ ሰው ከወጣብን ዙሩ ያበቃል። እርስዎ በቀኝ በኩል ረጅም ኳስ መቱ። አንደኛውን ቤዝ አለፍኩ፣ ሁለተኛውን አለፍኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ የእኛው ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ “ቁም! ቁም!” አለኝ። እርስዎ ከመምቻው ቦታ “ና! ና! ና አንተ!” ይላሉ። እርስዎን ሰማሁ። ወደ መምቻው ቦታ ተንሸራትቼ ስገባ ጉልበቴ ከሥሬ ተጠመዘዘ፤ ዳኛው ገብቷል አለ፤ ሰዎቹም እርስዎን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ሜዳውን አዞሩ። እኔ ከቢራው ሳጥን በረዶ ዘግኜ ጉልበቴ ላይ ይዤ መሬት ላይ ተጋድሜ እመለከት ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህም ይመዝገብልኝ። ዋንጫው ሻርሎት ቢራ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ ሥሩ ያለው ጽሑፍም “የድሉ ነጥብ፦ ሎወል ብራንድቮልድ” ይላል። ባለፈው መስከረም ሐኪሜ ጉልበቴን እያገላበጠ “መጀመሪያ የተጎዳህ የት ነው?” ሲለኝ “ኳስ ሜዳ” አልኩት እንጂ ስምዎን አላነሣሁም።

እንግዲህ በሌላ ሰው እግር የመጣ ነጥብ ድሮም ነጥብ ካልነበረ፣ ያ ጨዋታ ስምንት ለስምንት ነው፤ ዋንጫውም ያለ አግባብ እኛ ዘንድ ከርሟል። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ከዴኒስ ጋር ከመደርደሪያው አውርደን፣ አቧራውን ጠርገን፣ ለቧንቧ ሠራተኞቹ አለቃ ለሮይ ቴሽ አስረክበናል። ሮይ ባገኘኝ ቁጥር “ሌቦች! ዋንጫዬን መቼ ነው የምትመልሱት?” የሚለኝ ሰው ነው። በነጠላ ጫማ ወጥቶ ዋንጫውን አየና “ሎወል ያውቃል?” አለኝ።

“የወሰነው እሱ ነው” አልኩት።

ዋንጫውን ታቅፎ ሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። “አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ ስቀልድ ነበር ዳረል” አለ።

“እኔም ቀልድ መስሎኝ ነበር” አልኩት።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለወንበሩ፣ እንደ ሁለቱ የቢራ ጠርሙሶች ባዶ ለነበረው ቃል፣ ጨዋታውንም ለማፍጠን ላሳዩት ትጋት ያለኝን አክብሮት ደግሜ እየገለጽኩ፣ የሥራ ዘመንዎ እንዲረዝምና መንገድዎ ሁሉ ሜዳ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ስድስት ዓመት የግራም የቀኝም እግርዎ ሆኖ ያገለገለዎ፣
የዝገቶች የቀድሞ ወርዋሪ፣ የአሁን የታጣፊ ወንበር ባለቤት፣
ዳረል ኩቢያክ

ማስታወሻ፦ የፊታችን ሐሙስ የመክፈቻው ቀን ነው። በልማዳችን የዓመቱን የመጀመሪያ ኳስ የሚመታው ሰብሳቢው ነው፤ መትቶም እስከ አንደኛው ቤዝ ይሮጣል፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ሰብሳቢ ከሆኑ ጀምሮ ዘጠኝ ጊዜ መትተዋል፤ ዘጠኙንም ጊዜ የሮጥኩት እኔ ነኝ፤ ያለፈውን ዓመት ጉልበቴ እንደ ዳቦ አብጦ። ደንብ ቁጥር 14 ሰብሳቢን ነጥሎ አያወጣም፤ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እኔ ወንበሬን ዘርግቼ ከኋላዎ፣ ከኖራው መስመር ውጭ፣ የድሮው ቦታዬ ላይ እቀመጣለሁ። የዱላው ድምፅ ሲሰማ እግሬ በልማድ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዴኒስ ሸሚዜን ከኋላ ጨብጣ ልትይዘኝ ቃል ገብታልኛለች። የእሷን ቃል አምናለሁ። እርስዎ ይሩጡ።