የጎንጎሌሱ ጣሳ

ኅዳር 21፣ ማርያም። ጠዋት።
ዛሬም የእማሆይን አፍ አጠብኩ። ጨው፣ በሞቀ ውሃ። ድዳቸው እንደ ጉበት ጠቁሮ አብጧል፤ ሲነኩት ይደማል። ሽታው! የሟች ሚስቴ እናት ናቸው። ከአርማጭሆ እስከዚህ የስደተኛ ሰፈር እጃቸውን ይዤ ነው ያመጣኋቸው። ማስታወሻዬ፣ ላንተ ካልሆነ ለማን እናገራለሁ? ቀፈፉኝ።

ኅዳር 24።
ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ነርሷ የሱዳን ሰው ናት፤ አማርኛዋ የገበያ ነው። ማሽላና ምስር ብቻ ስለምንበላ ነው አለች። ትኩስ ቅጠልና ፍሬ ውስጥ ቫይታሚን ሲ የሚሉት ነገር አለ፤ እሱ ሲታጣ ድድ ይቆጣል፣ የዳነ ጠባሳ ይከፈታል፣ ብሎም ልብ ይደክማል። ደነገጥኩ። የእማሆይ እግር ላይ ያለው የድሮ ጠባሳ ከተከፈተ ሰነበተ። ክኒን የለም፣ አልቋል። ጎንጎሌስ ስጣቸው፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ እንዳታፈላው አለችኝ። «ያ ዓሚ፣ አጎቴ፣ ካልጠጡ አይከርሙም።» እማሆይ እንዳይሰሙ በሳል ሸፈንኩት።

ኅዳር 25። 10 ሰዓት።
ገዳሪፍ ገበያ ደርሼ መጣሁ። ጎንጎሌስ ማለት የዛፍ ፍሬ ነው፤ ዘሩ ላይ ነጭ ዱቄት ተጋግሮበታል፣ አፍ ያኮማትራል። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ቁርጥ ወተት። በጾመ ነቢያት፣ ቆብ ለደፉ ሴት፣ ነጭ ነገር ይዤ ቀረብኩ! የእርዳታው ዱቄት ወተት መሰላቸው።
«ልታስገድፈኝ ነው?»
ከዛፍ ነው ብዬ ብምል ብገዘት አልሆነም። ጎረቤታችን አያሌው አጥር ላይ ተደግፎ፣ «እማሆይ፣ ዛፍም ይታለብ ጀመር?» ብሎ ሳቀ። እማሆይ ጣሳውን ደፉት። እልሃቸው አስጠላኝ። የአያሌው ሳቅ አስጠላኝ። ከሁሉም የኔው ንዴት።

ኅዳር 27።
የንስሐ አባታቸውን ለመንኩ፤ መጡ። ለበሽተኛ ወተቱም ቢሆን ይፈቀዳል አሏቸው። ፍቱኝ መች አልኩ? አሉ እማሆይ። ቄሱ ሲወጡ ቀስ ብለው ነገሩኝ። የጠረጠሩት ሳልቀምስ ስለሰጠኋቸው ነው። ባገራችን ያቀረበ ቀድሞ ይቀምሳል።
«አንተ ያልቀመስከውን፣ ልጄ፣ ምን ብዬ ልመን?»
ያለን ጣሳ አንድ ነው። ጠርዙ ላይ የእሳቸው ደም ደርቆበት ነበር። በፊታቸው ባጥበው መጸየፌን ያውቃሉ ብዬ ሳላጥብም ሳልቀምስም ተውኩት። ይኼው፣ ጭራሽ መርዘኛ መሰልኩ።

ኅዳር 28። ጠዋት።
ጸሎት እምቢ አለኝ። አቡነ ዘበሰማያት ጀምሬ ጣሳው ይመጣብኛል። ጌታ ለምጻሙን በእጁ ዳሰሰ፤ ይኼን ስንቴ አንብቤ አልቅሻለሁ። እንባ ቀላል ነው።
እማሆይ ዛሬ እግራቸው አላቆማቸውም። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዱቄቱን እዚያው ፊታቸው እበጠብጣለሁ። ጣሳውን አላጥበውም። መጀመሪያ እኔ እጠጣለሁ፣ በዚያው ጠርዝ፣ ጉንጬን ሞልቼ። ቢያቅለሸልሸኝም እውጠዋለሁ።