ለዳገትም ለቁልቁለትም የሚሆን ሶል

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዲላ

ነገ ለሽምግልና ቡሌ እወጣለሁ። ሁለት ወንድማማቾች በመሬት ወሰን ተጣልተው፣ ባለፈው ሳምንት ታላቁ በታናሹ ላይ ገጀራ አንስቷል። አብረን አንቀመጥም ስላሉ ቃላቸውን ከቤት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ፤ በቤቶቻቸው መካከል ደግሞ መኪና የማይገባበት ጥልቅ ሸለቆ አለ።

ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ የሸለሙኝ የተራራ ጫማ አልተመቸኝም። ተረከዙ ይሰፋል፣ ጣቱ ላይ ይጠባል። ከሰዓት በኋላ በጫማ ሻጩ በከድር ሱቅ ተቀምጬ የውስጥ ሶል ስሞክር ዋልኩ። ወፍራሙ ተረከዜን ደግፎ ጣቶቼን ጨፈለቃቸው፤ ስሱ ጣቶቼን አሳርፎ ተረከዜን ለቀቀው።

«ጋሼ፣ ይኼ ለዳገት ነው፣ ያ ለቁልቁለት» አለ ከድር።

«ለሁለቱም የሚሆን የለህም?»

«እሱን ካገኙ ለእኔም ይንገሩኝ!» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ወፍራሙን ይዤ መጣሁ። በግቢያችን ስመላለስበት ቀኝ እግሬ ማነከስ ጀመረ። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ሆና፣ «በበቅሎ ሂድ እንጂ፣ አንተ ሰው!» አለችኝ። በዚህ ዝናብ ያን ሸለቆ በቅሎም እንደማይደፍረው ነገርኳት።

የምፈራው ሕመሙን አይደለም። እግሬ እምቢ ብሎኝ አንደኛው ቤት ካደርኩ፣ ማዶ ያለው «ሽማግሌውም ለእሱ ወገነ» ይላል። ያን ጊዜ ገጀራውን ማን ያስጥላል?

ፈጣሪዬ ሆይ፣ ማነከሴ ካልቀረ፣ ወደ ሁለቱም ደጅ እኩል ላነክስ።