መድኃኒቱ የቆመ ቀን

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ዛሬ ሆስፒታል የአባባን የካንሰር መድኃኒት አቆሙት። ሳንባቸው ድሮም ጥቂት ሰው በሚይዝ በሽታ እየደደረ ነበር፤ አሁን ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ አቆሰለው። ሐኪሟ በዕብራይስጥ ነገረችኝ። ብንቀጥል ትንፋሻቸውን ይወስዳል፤ ብናቆም ካንሰሩን የሚይዝልን የለም።

አባባ ዐይን ዐይኔን ያያሉ። "ምን አለች?"

በእኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። "መድኃኒቱ በቃዎት፣ አሁን ይረፉ ነው የምትለው" አልኳቸው።

ተነሡና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። "ዕድሜ ይስጥሽ ልጄ፤ ክፉ አይንካሽ።" ሐኪሟ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። "ቶዳ፣ እያመሰገኑሽ ነው" አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ሰፈራችን ሽኩና ቤት ደርሰን የቤታችንን ደረጃ ስንወጣ ትንፋሽ አጠራቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። እኔም እንደመሳቅ ብዬ "ይኸው፣ ዕረፍት ተጀመረ" አልኩ። አልሳቁም። ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

"ኤመቅ ሳራ ፋብሪካ ውስጥ ያን ሁሉ ዘመን ስሠራ ዕብራይስጥ ሳልሰማ የኖርኩ መሰለሽ?"

ዐይኔን ወደ ደረጃው መለስኩ።

"ለእናትሽ ግን ልክ ለእኔ እንደነገርሽኝ አድርገሽ ንገሪያት" አሉኝ።

ገባንና ያንኑ ነገርኳቸው። እማማ እልል አሉ።