ጋን ውስጥ የገባው ዘፈንሽ

ለልጅ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንዴት ነሽልኝ? የአዲሳባ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ትበያለሽ? ፎቶሽ ላይ አንገትሽ ቀጥኖብኛል። እኔን ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ምላሴስ ደህና ነው፣ ታውቂኝ የለ! ፊደሌ ቢጣመም አትሳቂ፤ መሠረተ ትምህርት ያስተማረኝ ይሄንኑ ነው።

ካሴትሽ ደርሶኛል። ጎረቤታችን አሰፋሽ ከአውቶቡስ እንደወረደች በነጠላዋ ሸሽጋ ሰጠችኝ። አንቺ ዘፋኝ ሆነሽ ከሄድሽ ወዲህ ሽማግሌው አያትሽ ስምሽ እዚህ ቤት እንዳይነሳ ምሎ የለ? እሱ ጓሮ ሸማውን ሲሠራ፣ እኔ ቴፑን ባዶው የቦርዴ መጥመቂያ ጋን ውስጥ ከትቼ፣ አፉን በጨርቅ ሸፍኜ እሰማሻለሁ። አትቀየሚኝና ዘፈንሽ ምን ያስሮጠዋል? ጅብ ያባረረው ነው የሚመስለው!

የቴፑን ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሰጣሁ ባሠራው ባሠራው ደከመ። ድምፅሽ እየተጎተተ፣ እየወፈረ ሄደ። ጋኑ ደግሞ ይቀበልና መልሶ ይልከዋል። አሰፋሽ "ውይ እማማ፣ ጋን ውስጥ ሰው ቀበሩ እንዴ?" አለችኝ። እኔ ግን ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጠፍኩ። አምና ያወጣሽው ዘፈን፣ ልጅ ሆኜ የሰማሁት መሰለኝ።

አንድ ቀን ጨርቁን ረሳሁት። ከጓሮ የሸማ መወርወሪያው ድምፅ ቀጥ አለ፤ ዞር ስል አያትሽ በሩ ላይ ቆሟል። በቃ፣ ጋኔም ቴፔም አለቀላቸው አልኩ። እሱ ግን ጋኑ ላይ ጎንበስ ብሎ "ማናት?" አለኝ።

"እኔ ምን አውቄ፣ አንዷ ዘፋኝ ናት" አልኩት።

"እናቴ የኦቾሎ መንደር አፋፍ ላይ ቆማ ስትጣራኝ እንዲህ ነበር፤ ገደሉ ድምጿን ይመልሰው ነበር" አለና ዓይኑን ጠረገ። የክር ብናኝ ገብቶብኝ ነው ይላል ደግሞ፣ ውሸታም!

አሁን ሸማ የሚሠራው በዘፈንሽ ነው፤ መወርወሪያው ከድምፅሽ እኩል ይሄዳል። አዲስ ድንጋይ ልግዛ ስለው "አንቺ ሴትዮ፣ ምን አስቸኮለሽ? ተያት፣ በእግሯ ትሂድ" አለኝ። የያዘው የሴት ነጠላ ነው። ጥለቱ አንቺ የምትወጂው የማንጎ ቀለም። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኩትም።

ትናንት ክር እየቀጠለ፣ ቀና ሳይል፣ "ይቺ ዘፋኝ ለመስቀል የምትገባበት ቤት የላትም?" አለኝ።

"እኔ ምን አውቄ" አልኩት።

"ካላት፣ በሬው ሳይታረድ ትድረስ" አለ።

እንግዲህ የሰማሁትን ጻፍኩልሽ። የአርባ ምንጭ አምላክ መንገድሽን ያቅናው፤ ድምፅሽን ይጠብቅልኝ። ስትመጪ ሌላውን ሁሉ አምጪ፣ ድንጋይ ግን እንዳታመጪ።

በማንኪያ ወተት ያሳደገችሽ አያትሽ