የትዕግሥት ፕሮግራምና የእኔ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ዓሣ

ሰኞ፣ ግንቦት 6፣ ጠዋት 3 ሰ.
መብራት አለ። የልጅ ልጄ ትዕግሥት ኮምፒውተሯ ላይ ተተክላለች። የመመረቂያ ሥራዋ ነው፤ ከጫሞ ሐይቅ የወጣውን ዓሣ በኪሎ የሚደምር ፕሮግራም። ዓርብ መምህራኑ ፊት ታሳያለች። ካልሠራ ምረቃ የለም። ቤት ስታስኬደው 412 ይላል፤ ልክ ነው። ዩኒቨርሲቲ ወስዳ ስትሞክረው ሚሊዮን! ጫሞ ደርቆ ዓሣው ሁሉ ወጣ እንዴ? አልኳት። አልሳቀችም።

ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ፦ ቅዳሜ ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ የዓሣ አጥማጆች ዝርዝሯ ውስጥ ስሜን ጻፍኩ። 900 ኪሎ። ለሳቅ ነው። ወዲያው አጠፋሁት። አጠፋሁት መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ 7
ዛሬ ፕሮግራሙ ቤትም ዋሸ። ጠዋት 412፣ ከምሳ በኋላ 33 ሺህ። አንዲት ፊደል አልነካችም። ማሽኑ እንዲፈትሸው እንደገና ኮምፓይል ታደርጋለች፤ ማሽኑ ስሕተት የለም ይላል። እራት አልበላችም። እኔም ብዙ አልበላሁ።

ረቡዕ፣ 8
ተናዘዝኩ። ዓይኗ ፈጠጠ። «አባባ! አንተ ነህ እንዴ እንዲህ የምታስለቅሰኝ?» ዝርዝሩን አገላበጠች። ስሜ የለም። ንጹሕ ነኝ! ትንሽ ከፋኝ እንኳ።

ቅጣት አልቀረልኝም። አጠገቧ አስቀምጣ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር አነበበችልኝ። መጀመሪያ «ድምር» የሚባል ቦታ ትከፍታለች፤ ቀጥሎ የመጀመሪያውን ዓሣ ትደምርበታለች። ቆይ አልኩ። ቦታው ሲከፈት ምን አለበት? ምንም፣ አለች። ባዶ መሆኑን አየሽ? አልኳት።

ሃያ ዓመት ጫሞ ዳር ዓሣ መዝኛለሁ። ጠዋት ጠዋት የትናንቱን ቅርፊትና ውሃ ከሚዛኑ ሳህን ጠርጌ፣ ቀስቷ ዜሮ ላይ ስትቆም ሳላይ አንድ ዓሣ እንኳ አልጫንኩም። አንቺ ባልተጠረገ ሚዛን ትመዝኛለሽ አልኳት። «ለካ ቦታው ላይ የቀድሞ ቁጥር ይተርፋል!» አለች። አንድ መስመር ጨመረች፦ ድምር ከዜሮ ይነሳ። አሥር ጊዜ አስኬደችው። አሥር ጊዜ 412። አንገቴን አንቃ ሳመችኝ፤ መነጽሬ ወደቀ።

ሐሙስ፣ 9፣ ማታ 1 ሰ.
ዩኒቨርሲቲም 412 አለ። ከሲቀላ ሰፈር በባጃጅ እየዘፈነች መጣች። ነገ አብረኸኝ ትሄዳለህ አለች፤ ስሕተቱን ማን እንዳገኘው ለመምህራኑ ልትናገር ነው። አንድ ቃል አስገብታኛለች፦ የማንንም ኮምፒውተር አልነካም።

ወሰንኩ። ኮቴን ለብሼ እሄዳለሁ፣ ኋላ እቀመጣለሁ፣ እጄ ኪሴ ውስጥ። ቃል ቃል ነው። ግን መምህሩ ኮምፒውተራቸውን ክፍት ትተው ድንገት ለሻይ ብድግ ካሉ…